«ደንቆሮ»፦ ከጆሮ ወደ አእምሮ የተሻገረ ቃል

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል በሁለት በጣም በተራራቁ ሕግጋት ውስጥ ይጠቀምበታል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 14 ቃሉ መስማት የማይችለውን ሰው ያመለክታል፤ ሕጉም ይህን ሰው መስደብን ይከለክላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 22 ግን ያው ቃል ራሱ ስድብ ሆኖ ይመጣል፤ ወንድሙን በዚህ ስም የጠራ ከባድ ፍርድ እንደሚጠብቀው ይነገራል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ደንቆሮው እንዳይሰደብ የሚያዝዝ ሕግና ማንም «ደንቆሮ» ተብሎ እንዳይሰደብ የሚያዝዝ ሕግ ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ነው። በመነሻዎቹ ቋንቋዎች ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኝ ቃል የለም። የዘሌዋውያኑ ዕብራይስጥ «ሔሬሽ» የጆሮን ጉዳት የሚናገር ሲሆን፣ የማቴዎሱ ግሪክኛ «ሞሬ» «አንተ ሞኝ» ከማለት የማያልፍ፣ ጆሮን የማይነካ ቃል ነው። ሁለቱን ያገናኘው አማርኛው ነው።

ይህ ጽሑፍ «ደንቆሮ» የተባለው ቃል የመስማት ችግርን ከመሰየም ተነሥቶ የሞኝነትና የአላዋቂነት መጠሪያ ወደ መሆን እንዴት እንደ ተሻገረ፣ ሽግግሩም በቃሉ ቤተሰብ ውስጥ እስከ ምን ድረስ እንደ ዘለቀ ይመረምራል። ጉዳዩ የቃላት ታሪክ ብቻ አይደለም። በዚህ ስም የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ ስሙም ስለ አእምሯቸው የሚናገረው ነገር በትምህርትም በሕግም ፊት ሲከተላቸው ኖሯል።

ከቃሉ ቅርጽ መጀመር ይጠቅማል። የቃሉ ሥር አራት ድምፆች ያሉት ደ-ነ-ቀ-ረ ነው። ከዚህ ሥር የተገኙት ቃላት ሁሉ አንድ ዓይነት የትርጉም ጉዞ አልተጓዙም፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። አድራጊው ግስ «አደነቆረ» ዛሬም ከጆሮ አልወጣም። «የወፍጮው ድምፅ አደነቆረኝ» የሚል ሰው ወፍጮው አላዋቂ እንዳደረገው የሚረዳ አድማጭ አይኖርም። በተቃራኒው «ድንቁርና» የሚለው ስም ከጆሮ ጋር የነበረውን ዝምድና ጨርሶ ቆርጧል። «ድህነት፣ ድንቁርናና በሽታ» የሚለውን የታወቀ የሦስት ጠላቶች ዝርዝር የሚሰማ ሰው ሁለተኛውን ከሕክምና ጉዳይ አይቆጥረውም፤ መድኃኒቱ ትምህርት ቤት መሆኑን ያውቃል። የጆሮውን ሁኔታ መግለጽ ያስፈለገው ተናጋሪ «ደንቆሮነት» የሚል ሌላ ስም ያወጣል። ስለዚህ ቋንቋው ከአንድ ሥር ሁለት ረቂቅ ስሞች አበጅቶ አንዱን ለአካል፣ ሌላውን ለአእምሮ አከፋፍሏል።

ክፍፍሉ በዘፈቀደ የመጣ አይመስልም። «ድንቁርና» የተቀረጸበት መልክ ቅድስና፣ ንጽሕና፣ ልዕልና፣ ብልጽግና፣ ሽምግልና የተቀረጹበት መልክ ነው። እነዚህ ስሞች የሰውን ማዕረግ፣ ጠባይ ወይም የኑሮ ደረጃ እንጂ የአንድን ብልት ሁኔታ አይሰይሙም። ቃሉ ወደዚህ ማኅበር በገባ ጊዜ የማኅበሩን ጠባይ ወሰደ፤ የሥልጣኔና የዕውቀት ተቃራኒ ሆኖ ሊቆም የቻለውም በዚሁ ነው።

በመካከል የቀሩት ሁለት ቅርጾች ይበልጥ ያስተምራሉ። «ደነቆረ» ባለቤቱ ጆሮ ሲሆን («ጆሮው ደነቆረ») ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ሰው ሲሆን ግን («ልጁ ደነቆረ») አድማጩ ከዐውዱ መለየት አለበት። የተገላባጭነት ቅርጽ ያለው «ተደናቆረ» ደግሞ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ጊዜ ይሸከማል። የተደናቆሩ ሰዎች ጆሯቸው ደኅና ነው፤ አንዱ የሚለውን ሌላው ግን አይሰማም፣ ባለመስማቱም አይረዳም። የአለመስማትና የአለመረዳት ድንበር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ «ተደናገረ» እና «ተደናበረ» የሚሉት ግሶችም በመነሻ ድምፃቸውና በቅርጻቸው ከዚህ ቃል ጋር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም የሰው ልቡና መንገድ የሳተበትን ሁኔታ ይገልጻሉ። መመሳሰሉ የዘር አንድነትን አያረጋግጥም፤ ሆኖም በተናጋሪው ጆሮ ውስጥ ቃላቱ እርስ በርሳቸው መደጋገፋቸው አይቀርም።

ግእዝ ይህን መደባለቅ አያውቀውም። በግእዝ መስማት የማይችል ሰው «ጽሙም» ነው፤ ቃሉ ከዐረብኛው «አሰም» እና ከትግርኛው «ጸማም» ጋር አንድ ሥር አለው። ሞኝ ወይም ሰነፍ ልቡና ያለው ሰው ደግሞ «አብድ» ይባላል። ሁለቱ ቃላት ሁለት ሰዎችን ይሰይማሉ። አማርኛ «ጽሙም»ን ለቤተ ክህነት ቋንቋ ትቶ በቦታው «ደንቆሮ»ን አስቀመጠ፤ «አብድ»ን ደግሞ ወደ «እብድ» ወስዶ ከሞኝነት ወደ አእምሮ ሕመም አሸጋገረው። በዚህም የተነሣ የጥንቱ «አብድ» ቦታ ክፍት ሆነ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ክፍተቱን በአንድ ቃል ብቻ አልሞሉትም። በመዝሙረ ዳዊትና በመጽሐፈ ምሳሌ በአብዛኛው «ሰነፍ»ን መረጡ፤ በማቴዎስ ወንጌል «ደንቆሮ»ን አመጡ።

የ«ሰነፍ» ዕጣ ለንጽጽር ስለሚረዳ ጥቂት መቆየት ይገባዋል። የዛሬ አንባቢ አምላክ የለም ስለሚለው «ሰነፍ» በመዝሙር ሲያነብ ሥራ የማይወድ ሰው የተወቀሰ ሊመስለው ይችላል። ተርጓሚዎቹ ያሰቡት ግን ማስተዋል የጎደለውን ሰው ነበር፤ ሥራ ለሚጠላው «ታካች» የሚል ሌላ ቃል ነበራቸው፤ በምሳሌ ምዕራፍ 6 ወደ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር የሚታዘዘው ሰው «ታካች» ነው። በስድሳ ዓመታት ያህል ጊዜ ውስጥ «ታካች» ከዕለት ንግግር ሲሸሽ «ሰነፍ» የእርሱን ቦታ ወረሰ። የድሮው ትርጉም ጨርሶ ያልጠፋው በትምህርት ቤት ቋንቋ ብቻ ይመስላል፦ «ሰነፍ ተማሪ» የሚባለው ልጅ የማያጠና ይሁን የማይገባው፣ አነጋገሩ አይለይም። «ሰነፍ» ከልቡና ጉድለት ወደ ጠባይ ጉድለት ሲሄድ «ደንቆሮ» ከአካል ጉዳት ወደ ልቡና ጉድለት ሄዷል። የስድብ ቃላት ሰፈራቸውን ይለዋወጣሉ።

አካልን ከአእምሮ ጋር ማደባለቅ የአማርኛ ብቻ አይደለም። የግሪክኛው «ኮፎስ» በመጀመሪያ የደነዘን ነገር፣ ስለቱ የጠፋን መሣሪያ ይገልጽ ነበር፤ ኋላ የማይሰማውንም የማይናገረውንም ሰው ሰየመ፤ ከዚያም አእምሮው የፈዘዘውን። አማርኛው «ደነዝ» ከቢላዋ ወደ ሰው ያደረገው ጉዞ የዚሁ መንገድ ግማሽ ነው። የእንግሊዝኛው «ደምብ» ድዳና ሞኝ ማለት ሲሆን የጀርመንኛ ዘመዱ «ዱም» ዛሬ ሞኝ ብቻ ማለት ነው። በላቲን «ሱርዱስ» መስማት የተሳነው ነው፤ «አብሱርዱስ» መጀመሪያ ከዜማ የወጣ ድምፅ፣ በኋላ ትርጉም የለሽ ነገር ሆነ። በጎረቤት ቋንቋም ተመሳሳይ መሸጋገር አለ፦ በኦሮምኛ «ዱዳ» የማይሰማ ሰው ሲሆን በአማርኛ «ዱዳ» የማይናገር ነው።

የቋንቋ ሊቃውንት ለዚህ ክስተት ሰፋ ያለ ማብራሪያ አቅርበዋል። ኢቭ ስዊትሰር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በሕንድ-አውሮፓ ቋንቋዎች የማየት ቃላት ወደ ማወቅ፣ የመስማት ቃላት ደግሞ ወደ መታዘዝና ልብ ማለት እንደሚያዘነብሉ አሳየች። ኒኮላስ ኢቫንስና ዴቪድ ዊልኪንስ በ2000 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ነባር ቋንቋዎች ላይ ተመሥርተው ሥርዓቱ ዓለም አቀፍ አለመሆኑን ተከራከሩ፤ በእነዚህ ቋንቋዎች የማወቅና የመረዳት ቃላት የሚፈልቁት ከዓይን ይልቅ ከጆሮ ነው። አማርኛ በሁለቱ መካከል የቆመ ይመስላል። «አስተያየት» ከማየት የመጣ ነው፤ «ታየኝ» የሚል ሰውም ሐሳብ መጥቶለታል። ሆኖም «አይሰማም» የተባለ ልጅ የማይታዘዝ፣ ምክር የማይገባው ልጅ ነው፤ ነገሩን ችላ ያለ ሰውም «ጆሮ ዳባ ልበስ» አለ ይባላል።

ይህን ሚዛን በሌላ ፈተና ማረጋገጥ ይቻላል። ማየት የተሳነውን ሰው ስም ወደ አእምሮ ጉድለት ለማሻገር አማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ረዳት ቃል ይፈልጋል፦ «ልበ ዕውር»። «ልበ» ባይጨመር አድማጩ ዓይንን ያስባል። «ደንቆሮ» ግን ምንም ረዳት አያስፈልገውም፤ «ልበ ደንቆሮ» የሚል አነጋገር ሊመሠረት ቢችልም ልማድ አልሆነም፤ ቃሉ ብቻውን ልብ ዘንድ ደርሷልና።

ለምን ዓይን ቀርቶ ጆሮ? የስዊትሰርም ሆነ የኢቫንስና የዊልኪንስ ማብራሪያ እዚህ ላይ በቂ አይደለም፤ መልሱ በአገሩ የዕውቀት ሥርዓት ውስጥ ቢፈለግ ይሻላል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ዜማው፣ ቅኔውና ትርጓሜው በቃል የሚተላለፍ፣ በጆሮ የሚቀበሉት ትምህርት ነበር። ተማሪው መምህሩ ሲናገር ይሰማል፣ ይደግማል፣ በቃሉ ይይዛል። በዚህ ሥርዓት ዓይነ ሥውር መሆን ሊቅ ከመሆን አያግድም፤ ዓይነ ሥውራን የዜማና የቅኔ መምህራን የተለመዱ ነበሩ። (አራቱን ጉባኤያት ያጠናቀቀ ሊቅ «አራት ዓይና» መባሉ ሲታሰብ ማዕረጉ በዓይን መቆጠሩ ያስገርማል፤ ትምህርቱ የገባው በጆሮ ነበርና።) መስማት የተሳነው ልጅ ግን ከጉባኤው ደጃፍ አያልፍም። በፊደል ሊደርስበት የሚችለው ዕውቀት እንኳ በድምፅ በኩል ካልሆነ አይሰጥም። ስለዚህ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ወደ አላዋቂነት ሲሻገር ከምሳሌያዊ አነጋገር አልፎ በዚያ ሥርዓት ውስጥ በተጨባጭ የሚታየውን ነገር መዝግቧል፤ የማይሰማው ሰው ያላወቀው የሚያስተምረው ስላልነበረ ነው። ስሕተቱ ውጤቱን ከባሕርዩ ጋር መቀላቀሉ ነው።

ይህ ስሕተት ረጅም ዕድሜ አለው። አርስጣጣሊስ ስለ ስሜት ሕዋሳት በጻፈው ድርሳን መስማት ለዕውቀት ከሁሉ በላይ እንደሚረዳ ተናግሯል፤ ምክንያት ያደረገውም ንግግር በጆሮ የሚደርስ መሆኑን ነው። መስማት በራሱ ሳይሆን በቋንቋ በኩል፣ በእርሱ አነጋገር «በአጋጣሚ»፣ ዕውቀትን እንደሚያመጣ በግልጽ ለይቶ ነበር። ተከታዮቹ ማለያያውን ዘንግተው መስማት የተሳነው አይማርም የሚለውን ብቻ ወረሱ። አባባሉን ያፈረሰው ተግባር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን የኦኛ ገዳም መነኩሴ ፔድሮ ፖንሴ ዴ ሌዮን መስማት የተሳናቸውን የመኳንንት ልጆች ንባብና ጽሕፈት አስተማረ። በ1960 እ.ኤ.አ. ዊልያም ስቶኪ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ እንደ ማንኛውም ቋንቋ በውስጣዊ መዋቅር የተደራጀ መሆኑን አሳየ። በኒካራጓ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በማናጓ ትምህርት ቤቶች የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸው ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። ልጆቹ ከመሰባሰባቸው በፊት የጎደላቸው አእምሮ ሳይሆን የሚነጋገሩት ሰው ነበር።

ሕዝባዊ ተረት ከሊቃውንቱ ቀድሞ ነገሩን በሌላ በኩል አይቶታል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ስለ ፍትሕ የሚናገር አንድ አጭር ተረት ይገኛል። ፍየሎቿ የጠፉባት ሴት አንድ ሰው ትጠይቃለች፤ ሰውየው ስለማይሰማ ሌላ ነገር መስሎት በእጁ ያመለክታታል፤ እርሷም ባመለከተው በኩል ሄዳ ፍየሎቿን ታገኛለች። እግሩ የተሰበረ ግልገል ይዛ ልታመሰግነው ስትመለስ፣ እርሱ ግልገሉን ሰብረሃል ብላ የከሰሰችው ይመስለዋል። ተያይዘው ከዳኛ ይቀርባሉ። ዳኛውም አይሰማም፤ ዓይኑም ደካማ ነው። ጉዳዩ የባልና የሚስት ጠብ መስሎት ባልየውን ሚስትህን አትበድል፣ ሴትዮዋን ባልሽን ተንከባከቢ ብሎ ይፈርዳል፤ ግልገሉንም እንደ ሕፃን ይመርቃል። ሕዝቡም ፍርዱን ያደንቃል።

የዚህ ዓይነት ተረት በብዙ አገሮች ይነገራል፤ የተረት ተመራማሪዎችም በዓለም አቀፉ የተረት ዓይነቶች ማውጫ በቁጥር 1698 መድበውታል። ተለምዷዊው ንባብ የማይሰሙ ሰዎችን መሳቂያ ያደረገ ቀልድ ነው የሚል ነው። ንባቡ ስሕተት ባይሆንም የኢትዮጵያው ተረት ሳቁን በሴትዮዋና በሰውየው ላይ አያቆምም። በጣም የሚያስቀው ጆሮው ደኅና የሆነው፣ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ፍርዱን ያመሰገነው ሕዝብ ነው። «ተደናቆረ» የሚለው ግስ የሚሸከመው ድርብ ትርጉም በዚህ ተረት ውስጥ መልክ ይዞ ይታያል።

ከተረቱ ችሎት ወደ እውነተኛው ችሎት ሲታለፍ ጉዳዩ ሳቅ መሆኑ ይቀራል። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና መስማትና መናገር የማይችለውን፣ አእምሮው የጎደለውንና ሕፃኑን እንደ አንድ ቡድን ደጋግሞ ይጠቅሳል፤ ሦስቱም በብዙ ጉዳዮች ሙሉ የሕግ ችሎታ አልተሰጣቸውም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የወጣው የዮስጢንያኖስ ሕግ ለየት ያለ ጥንቃቄ አድርጓል። ከልደቱ የማይሰማና የማይናገር ሰው እንዳይናዘዝ ከልክሎ፣ ኋላ ጉዳቱ የደረሰበትና መጻፍ የሚችለው ግን በጽሑፉ እንዲናዘዝ ፈቅዷል። እዚህ ላይ መለኪያው ጆሮ ሳይሆን ቋንቋ መሆኑ በግማሽም ቢሆን ተስተውሏል።

በረኔ ዳቪድ ረቂቅነት የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.) በቁጥር 339 ስለ አእምሮ ሕሙማን ከደነገገ በኋላ በቁጥር 340 ወደ አካል ጉዳተኞች ያልፋል። መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ዓይነ ሥውራን እንዲሁም በዘላቂ ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን የሕግ ጥበቃ ለጥቅማቸው ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይናገራል። ድንጋጌው በፍትሐዊነት መነበብ አለበት። መስማት የተሳነውን ሰው እብድ ነው አይልም፤ ችሎታውንም በራሱ አይነሣውም፤ የጥበቃው ጥያቄ በፈቃዱ የሚቀርብ ነው። ቢሆንም ጥበቃ የፈለገ ሰው የሚገባበት በር የአእምሮ ሕሙማን በር ነው፤ ሌላ በር አልተሠራለትም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 2 ደግሞ «ቋንቋ» የሚለው ቃል የምልክት ቋንቋንም እንደሚጨምር ይተረጉማል። ሁለተኛው ድንጋጌ ለቃሉ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል፤ አርስጣጣሊስ «በአጋጣሚ» ያለውን ድልድይ በሕግ ያነሣዋልና።

ዛሬ በመደበኛ ጽሑፍ «መስማት የተሳነው» የሚለው አጠራር «ደንቆሮ»ን ተክቷል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበርም የሚጠራው በዚሁ ነው። የምትክ ስሞች ዕድሜ አጭር ነው የሚል ክርክር አለ። «ኢዲየት»፣ «ኢምቤሲል» እና ሄንሪ ጎዳርድ በ1910 እ.ኤ.አ. ከግሪክኛው «ሞሮስ» ያወጣው «ሞሮን» በእንግሊዝኛ ሕክምና የደረጃ መለያ ሆነው አገልግለው ብዙም ሳይቆዩ ስድብ ሆነዋል። (ይህ «ሞሮስ» የማቴዎሱ «ሞሬ» ነው፤ በአማርኛ ከጆሮ የመጣው ስድብ በእንግሊዝኛ ከወንጌሉ የግሪክኛ ቃል ተወልዶ በሐኪም ቤት በኩል ዞሮ መጥቷል።) ክርክሩ በ«መስማት የተሳነው» ላይ የሚሠራበት መጠን ግን ውስን ነው። አጠራሩ ነጠላ ስም ሳይሆን ገላጭ ሐረግ ነው፤ በቁጣ ጊዜ ከአፍ ለመውጣት ረጅም ነው። ከዚያም በላይ የሚገልጸው አንድን ተግባር ብቻ ስለሆነ የሰውየውን ማንነት በሙሉ አይሸፍንም።

ስለዚህ ከዚህ ሥር የበቀሉት ቃላት ሁሉ በአንድ ሚዛን መፈረድ የለባቸውም። ወፍጮው ቢያደነቁር፣ ተከራካሪዎች ቢደናቆሩ ማንም አይጎዳም። «ድንቁርና»ም ከጆሮ ርቆ ስለሄደ ብዙ ተናጋሪዎች ዝምድናውን አያስተውሉትም፤ ቃሉን ከትምህርት ዘመቻ መፈክሮች መፋቅ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ችግሩ ያለው ሰውን በሚሰይመው ቅርጽ ላይ ነው፤ «ደንቆሮ» ዛሬም አካሉንና አእምሮውን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት ከጀመረበት ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ፣ ትምህርት በድምፅ በኩል ብቻ ይገባል የሚለው የጥንቱ ግምት በራሱ በዩኒቨርሲቲው ክፍሎች ውስጥ ፈርሷል። በዚያ ክፍል ምልክቱን የማያውቅ ሰሚ እንግዳ ቢገባ፣ ጆሮው እየሰማ የሚባለው የማይገባው እርሱ ይሆናል።